ድንጋይ፣ ቻርጅ፣ አሲድ፦ የቱ ባትሪ ለየቱ ዕቃ?

መብራት ጠፋና የእጅ ባትሪዬን ከመሳቢያ አወጣሁ። ማብሪያውን ተጫንኩት፤ ዝም። ክዳኑን ልፈታ ብል አልፈታም አለ። በፒንሳ ታግዬ ስከፍተው ቡናማ ሙጫ የመሰለ ነገር ፈሶ ሁለቱን ድንጋዮች ከሞላው ጋር አንድ አድርጓቸዋል።

ድንጋዮቹ ላይ በትልቁ «ሄቪ ዲዩቲ» ተብሎ ተጽፏል። ለከባድ ሥራ ማለት ነው። ያ የእጅ ባትሪ ግን በዓመት አንድ ሰዓት ቢበራ ነው። ድንጋዮቹ ሥራ በዝቶባቸው አልሞቱም። ቁጭ ባሉበት ነው የሞቱት።

ከዚያ ወዲህ ሰው «የትኛው ባትሪ ነው የሚቆየው?» ሲለኝ መልሼ «ምን ውስጥ?» እላለሁ። ያሾፍኩ ይመስላቸዋል። የምሬን ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር። አማርኛችን መብራቱንም፣ መብራቱ ውስጥ የሚገባውንም፣ የመኪናውንም በአንድ ስም «ባትሪ» ይላቸዋል። እዚህ ትንሹን ክብ ሲሊንደር ብዙ ሰው እንደሚጠራው ድንጋይ እለዋለሁ። እንዳንደናገር ነው።

«ይቆያል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ይቺ ቃል ሦስት ነገር ደርባ ይዛለች። አንደኛ፣ ዕቃው ውስጥ ገብቶ ስንት ሰዓት ያሠራል? ሁለተኛ፣ ሳይነካ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ስንት ዓመት ኃይሉን ይይዛል? ሦስተኛው ቻርጅ የሚደረጉትን ብቻ ይመለከታል፦ ስንት ጊዜ ተሞልቶ ስንት ጊዜ ቢያልቅ ነው የሚደክመው? በሦስቱም የሚያሸንፍ ባትሪ የለም። በአንዱ ጎበዝ የሆነው በሌላው ይወድቃል።

በዚህ ላይ የዕቃው አመል አለ። የግድግዳ ሰዓት ከአንድ ሚሊአምፒር በታች (አምፒር የከረንት መለኪያ ነው፤ ሚሊአምፒር ሺኛው) እየቀመሰ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። ሪሞት ደግሞ ቁልፍ ካልተጫኑት የሚበላው ከምንም አይቆጠርም። የካሜራ ፍላሽና ሞተር ያለው መጫወቻ ግን ሆዳሞች ናቸው። ግማሽ አምፒር፣ አንዳንዴም ከአንድ አምፒር በላይ ባንድ ጊዜ ይጎርሳሉ። ሰዓት ውስጥ ዓመት የሚያልፈው ድንጋይ መጫወቻ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ላይጨርስ ይችላል።

አፉ ጠባብ የሆነ ጄሪካን አስቡ። ቀስ ብላችሁ ስትቀዱ ይወርዳል። ባንዴ ስትገለብጡት ግልክ ግልክ ይላል እንጂ አይወርድም። ድንጋይም ውስጡ ከረንቱን የሚያግድ ነገር አለው። ዕቃው ብዙ ሲጎትት ቮልቱ ይወርዳል፣ ከኃይሉም ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ዕቃው «አልቋል» ብሎ ይጠፋል። ድንጋዩ ውስጥ ግን ኃይል ተርፏል። ስለዚህ ከመጫወቻ ያወጣችሁትን አልካላይን (ከታች የማብራራው የድንጋይ ዓይነት ነው) ወዲያው አትጣሉት። ሰዓት ወይም ሪሞት ውስጥ ክተቱት። ብዙ ወር ሊሠራላችሁ ይችላል።

ተጠቅመን የምንጥላቸው

ሦስት ዓይነት ናቸው፤ መጠናቸው አንድ ስለሆነ ከሩቅ አይለዩም። ማስታወቂያውን ተዉትና ጥቃቅኑን ኮድ ፈልጉ። በደብል ኤ መጠን «አር 6» ብቻ ካለ ዚንክ ካርቦን ነው። «ኤልአር 6» ካለ አልካላይን፣ «ኤፍአር 6» ካለ ሊቲየም፣ «ኤችአር 6» ካለ ደግሞ ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ነው። በትሪፕል ኤ 6 ቁጥር ቀርታ 03 ትገባለች፤ ፊደሎቹ ያው ናቸው። ይህችን ነገር ካወቅሁ ጀምሮ ድንጋይ ስገዛ ቀለሙን አላይም። ወርቃማ ቀለም የተቀባ ዚንክ ካርቦን ሞልቷል።

ዚንክ ካርቦን የአያት ቅድመ አያት ባትሪ ነው። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1866 ፈረንሳዊው ጆርጅ ሌክላንሼ ከሠራው ይቆጠራል። የዚህ ድንጋይ ጉድ ቆርቆሮው ላይ ነው። ከውጭ የሚይዘው የዚንክ ቆርቆሮ ማሸጊያም ነው፣ ነዳጅም ነው። ኃይል በሰጠ ቁጥር ቆርቆሮው ከውስጥ ይበላል፤ ቁጭ ሲልም በዝግታ መበላቱ አይቀርም። ይሳሳል፣ ይሳሳልና በመጨረሻ ይበሳል። የኔን የእጅ ባትሪ ያበላሸው ይኸው ነው። «ሄቪ ዲዩቲ» የሚለው ስም የወጣለት ከሱም የባሰ ደካማ ድንጋይ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ያን ጽሑፍ ስታዩ በገበያው ደካማው ዓይነት መሆኑን እወቁ። መሳቢያ ውስጥ ሁለት ሦስት ዓመት ቢቆይ ነው። የሚይዘው ኃይል ከአልካላይን ግማሹን አይደርስም፤ ሆዳም ዕቃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ልዩነቱ በጣም ይሰፋል። ለሪሞትና ለሰዓት ያገለግላል፤ ግን በየዓመቱ አውጥታችሁ ማየት አለባችሁ።

አልካላይን ይህን ችግር ገልብጦ ፈታው። ዚንኩ ዱቄት ሆኖ መሐል ገባ፣ ውጪው ብረት ሆነ። ዱቄት ብዙ ገጽ ስላለው ከረንት በቀላሉ ይሰጣል። ጥሩ ደብል ኤ አልካላይን ቀስ ተብሎ ከተበላ ከ2,000 እስከ 3,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ይሰጣል፤ 2,000 ማለት ለምሳሌ 20 ሚሊአምፒር ለ100 ሰዓት ማለት ነው። አንድ አምፒር ከሚጎትት ዕቃ ጋር ሲገናኝ ግን ግማሹን እንኳ ላይሰጥ ይችላል። ተቀምጦ በዓመት የሚያጣው 2 ወይም 3 በመቶ ያህል ነው። ማሸጊያው ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚል ቀን የሚያትሙት ለዚህ ነው።

አልካላይንም ያፈሳል። በተለይ ካለቀ በኋላ ዕቃው ውስጥ ሲረሳ። ጫፉ ላይ የሚታየው ነጭ ብናኝ ከውስጥ የወጣው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አየር ነክቶት ነው። ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ በባዶ እጅ አትንኩት። የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ነክራችሁ ብረቱን ጥረጉት። ትንሽ ይፈላል፤ አልካሊው ከአሲዱ ጋር እየተጣፋ ነው። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አጽድታችሁ በደንብ ካደረቃችሁት ዕቃው ብዙ ጊዜ ይነሳል።

ሦስተኛው የሚጣለው ሊቲየም ነው። ስትይዙት ባዶ ይመስላል። አልካላይን ደብል ኤ 23 ግራም አካባቢ ሲመዝን እሱ 15 ግራም ነው። 3,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ሆዳም ዕቃ ውስጥም አብዛኛውን ይሰጣል። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ድረስ ይሠራል። ተቀምጦ እስከ 20 ዓመት ይቆያል፣ ማፍሰሱም ብርቅ ነው። ችግሩ ዋጋው ነው። ለሪሞት ሊቲየም መግዛት ብር ማባከን ነው። ለክፉ ቀን የሚቀመጥ የእጅ ባትሪ ግን ይገባዋል። የኔ አሁን በሱ ነው የሚሠራው። አደራ፣ «ሊቲየም» የሚለውን አይታችሁ ቻርጀር ላይ እንዳትሰኩት። ይሄ የሚጣለው ነው፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች

እዚህ ዋናው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። ደብል ኤው ብዙውን ጊዜ ከ1,900 እስከ 2,500 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል። ላዩ ላይ ግን 1.2 ቮልት ይላል። ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ «ዕቃዬ 1.5 ይላል፣ ይሄ ያንሳል» ይላል።

በተግባር ግን እንዲህ ነው። አልካላይን በ1.5 ይጀምርና ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ይወርዳል። ግማሽ መንገድ ላይ 1.2 አካባቢ ይደርሳል። ኒኬሉ 1.2 ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ድረስ እዚያው ይቆያል፤ ከዚያ ባንዴ ይወድቃል። ስለዚህ በአልካላይን የሚሠራ ዕቃ ሁሉ ማለት ይቻላል በኒኬልም ይሠራል። ሆዳም ዕቃ ውስጥ እንዲያውም ኒኬሉ ይበልጣል። አንድ አምፒር ሲጎተት አልካላይኑ ትንፋሽ ሲያጥረው ኒኬሉ የተጻፈበትን ያህል ሊሰጥ ትንሽ ነው የሚቀረው። አንዳንድ ዕቃ ግን የባትሪ ምልክቱ ለአልካላይን ስለተሠራ ገና ሳይገባ «ሊያልቅ ነው» ይላል። አትመኑት።

የድሮው ኒኬል ክፉ አመል ነበረው። ሞልታችሁት ሦስት አራት ወር ብታስቀምጡት ባዶ ታገኙታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሳንዮ ኤኔሉፕ የሚባለውን ዓይነት ገበያ ካወጣ በኋላ ነገሩ ተቀየረ። ይህ ዓይነት ተሞልቶ ዓመት ቢቀመጥም አብዛኛው ኃይሉ ውስጡ አለ። ዛሬ ብዙ ኩባንያ ይሠራዋል። ማሸጊያው ላይ «ተሞልቶ የመጣ» ወይም «ለአገልግሎት ዝግጁ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ካለ ያ ነው። አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ከሁለቱ መሐል 2,700 ከሚለው ይልቅ 2,000 የሚለውን ነው የምመርጠው። ትልቅ ቁጥር የሚጻፍባቸው አብዛኛውን ጊዜ ውስጣቸው ተጠቅጥቆ ስለሚሞላ ቶሎ ይደክማሉ፤ ሲቀመጡም ኃይላቸውን ቶሎ ያጣሉ።

ስንት ጊዜ ይሞላል? በደንብ ከተያዘ 500 ጊዜና ከዚያ በላይ። «በደንብ ከተያዘ» ማለት ከምንም በላይ ቻርጀሩ ነው። ርካሽ ቻርጀር ሁለት ሁለቱን አጣምሮ በሰዓት ቆጥሮ ይሞላል። አንዱ ቀድሞ ቢሞላም ሌላውን እየጠበቀ ይጋገራል። እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው የሚቆጣጠርና ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ቻርጀር ግዙ። ከድንጋዩ ይልቅ ቻርጀሩ ላይ ብር ብታወጡ አትቆጩም።

በዩኤስቢ ገመድ የሚሞሉ 1.5 ቮልት የሊቲየም ድንጋዮችም መጥተዋል። ውስጣቸው ቮልቱን የሚያስተካክል ትንሽ ሰርኪዩት አለ። ቮልት ሲቀንስ ለሚያኮርፍ ዕቃ ጥሩ ናቸው። ግን እስከ መጨረሻው 1.5 እያሉ ድንገት ድርግም ይላሉ። ማስጠንቀቂያ የለም። ለእጅ ባትሪ አልወዳቸውም።

እንግዲህ የትንንሾቹን ነገር በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው። ለሰዓትና ለሪሞት አልካላይን። ለመጫወቻ፣ ለፍላሽ፣ ለጌም ኮንትሮለር፣ ለማይክሮፎን፣ ማለትም በየሳምንቱ ድንጋይ ለሚጨርስ ሁሉ ኒኬል፤ ዋጋው ከጥቂት ዙር በኋላ ይመለሳል። ለጭስ ጠቋሚ ደወል አምራቹ መመሪያው ላይ የጻፈውን ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ብልጠት አያስፈልግም። ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ አንድ ቀን ለሚፈለግ ዕቃ ሊቲየም፤ ካልሆነም አልካላይኑን ከዕቃው ውጪ አጠገቡ ማስቀመጥ።

ሳንቲሟ ባትሪ

ስሟ ራሱ ልኳን ይናገራል። ሲአር 2032 ማለት ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር ነው። 3 ቮልት ትሰጣለች፤ 220 ሚሊአምፒር ሰዓት ያህል ትይዛለች። 2025 የምትለዋ ስፋቷ ያው ነው፣ ቀጠን ትላለች፣ የምትይዘውም ያንሳል። በግድ አታጣብቁ። ለእጅ ሰዓት የሚሆኑት የብር ኦክሳይድ ባትሪዎች 1.55 ቮልታቸውን እስከ መጨረሻው ይይዛሉ፤ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው አልካላይኖች እየወረዱ ይሄዳሉ። ሰዓቱ ብር ኦክሳይድ ከፈለገ ብር ኦክሳይድ ስጡት።

ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ግን የዕድሜ ወሬውን ተዉት። ይቺ ባትሪ ከተዋጠች ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉ ቃጠሎ ታደርሳለች። ለሪሞት ያለቀች ብትሆንም ለዚህ የሚበቃ ኃይል አላት። ልጅ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ነው።

የስልክና የላፕቶፕ ባትሪ

ሊቲየም አዮን እ.ኤ.አ. በ1991 በሶኒ አማካይነት ገበያ ላይ ዋለ። ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። እዚህ መምረጥ ብዙም የለም፤ ባትሪው ከዕቃው ጋር ነው የሚመጣው። ያለን ምርጫ አያያዝ ነው።

ዕድሜው የሚለካው በዙር ነው። አንድ ዙር ማለት ገመድ የሰካችሁበት ጊዜ ብዛት አይደለም፤ ተደምሮ መቶ በመቶ የሞላ ፍጆታ ነው። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ብትጠቀሙ ሁለቱ ቀን አንድ ዙር ናቸው። ለብዙ ዓመት የተለመደው መለኪያ 500 ዙር ነበር። ከዚያ በኋላ ባትሪው ከመጀመሪያው አቅሙ 80 በመቶ ያህል ይቀረዋል። በየቀኑ ጥርግ አድርጎ ለሚጨርስ ሰው አንድ ዓመት ከአራት ወር ተኩል ገደማ ማለት ነው። አሁን እየተሻሻለ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያ ገበያ የሚገቡ ስልኮች ቢያንስ 800 ዙር ጨርሰው 80 በመቶ እንዲቀራቸው አስገድዷል።

«መጀመሪያ ስትገዛው 8 ሰዓት ሙላው»፣ «እስኪጠፋ ጨርሰህ ቻርጅ አድርገው» የሚሉት ምክሮች የኒኬል ካድሚየም ዘመን ትዝታ ናቸው። ያ ባትሪ «ትውስታ» የሚባል ችግር ነበረበት። ሊቲየም አዮን የለበትም። ጭራሽ እስከ ዜሮ መጨረስ ይጎዳዋል። ሁልጊዜ መቶ ላይ ማሳደርም ያስረጀዋል። መሐሉን ነው የሚወደው፤ ከ20 እስከ 80። ግን ስልክ ለኛ ነው እንጂ እኛ ለስልክ አይደለንም። መንገድ የምትወጡ ከሆነ መቶ አድርሱት፤ አይሞትም።

ይበልጥ የሚገድለው ሙቀት ነው። ቻርጅ ላይ እያለ ከባድ ጌም መጫወት፣ ትራስ ሥር ሞልቶ ማሳደር፣ ፀሐይ በሚመታው መኪና ዳሽቦርድ ላይ መተው፣ እነዚህ ከማንኛውም የፐርሰንት ጨዋታ ይብሳሉ። ብርዱም የራሱ ነገር አለው፦ ከዜሮ ዲግሪ በታች መጠቀም ይቻላል፣ ቻርጅ ማድረግ ግን ውስጡን ይጎዳል። ለወራት የምታስቀምጡት ላፕቶፕ ካለ ግማሽ አካባቢ ሞልታችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሩት።

ያበጠ ባትሪ ካያችሁ፣ የላፕቶፑ መዳሰሻ ከፍ ከፍ ካለ ወይም የስልኩ ጀርባ ከተላቀቀ፣ ቻርጅ ማድረግ አቁሙ። ውስጡ ጋዝ ነው። አትብሱት፣ አትጫኑት፤ ባለሙያ ያውጣው።

ፓወር ባንክ፦ ቁጥሩን ማንበብ

ሰው ሁሉ የሚያማርረው እዚህ ላይ ነው። «10,000 ይላል፣ ስልኬ 5,000 ነው፣ ለምን ሁለቴ አይሞላልኝም?» ውሸታም የሚሉት ሻጩን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሻጩ አልዋሸም። እናስላው።

10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተጻፈው ውስጡ ላለው 3.7 ቮልት ባትሪ ነው። ሲባዛ 37 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ዋት ሰዓት ማለት ቮልቱም የገባበት የኃይል ልክ ነው። የሚወጣው ግን በ5 ቮልት ነው። 37 ለ5 ሲካፈል 7,400 ይመጣል። ቮልቱን ሲቀይር የሚባክን አለ፤ 6,000 ከምናምን ይቀራል። የስልኩ 5,000 ራሱ የተቆጠረው እንደዚሁ በ3.7 ቮልት አካባቢ ነው፤ በ5 ቮልት ሲታይ ከ4,000 ብዙም አይርቅም። ስልኩም ሲቀበል ጥቂት ያባክናል። አንዴ ሞልቶ ግማሽ ገደማ ቢደግም ደንበኛ ነው። ስለዚህ ሁለት ፓወር ባንክ ስታወዳድሩ ዋት ሰዓቱን አወዳድሩ። አውሮፕላን ላይም የሚጠየቀው እሱ ነው፦ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት ሰዓት ሲሆን 27,000 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ማለት ነው። የሚያዘውም በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው።

የዋሸ ሻጭም አለ ደግሞ። 18650 የምትባለዋን ክብ የሊቲየም ባትሪ ታውቋት ይሆናል፤ ስፋቷ 18፣ ቁመቷ 65 ሚሊሜትር ነው። ጠንካራ የእጅ ባትሪዎች ውስጥ ትገባለች። ላይዋ ላይ 9,900 የሚል ካያችሁ ሳቁና እለፉ። በዚህ መጠን ከታወቁት አምራቾች የሚገኘው ትልቁ እንኳ 3,500 አካባቢ ነው። ሚዛን ካላችሁ ጫኗት። ደህናዋ ከ45 እስከ 50 ግራም ትመዝናለች። በጣም ከቀለለች ውስጧ ሌላ ነገር ነው።

ለቤት የሚሆን ትልቅ ባትሪ፦ አሲድ ወይስ ሊቲየም?

ብር በብዛት የሚወጣው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። ለሶላር ወይም ለኢንቨርተር (የባትሪን ከረንት የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት ከረንት የሚቀይር ነው) ሁለት ተፎካካሪ አለ። አንደኛው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ነው። ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው ሐሳብ ሲሆን እስከ ዛሬ በአብዛኛው መኪና ውስጥ አለ። ሁለተኛው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። ይህ ከስልኩ ሊቲየም ይለያል፤ ለክብደቱ የሚይዘው ኃይል ትንሽ ያንሳል፣ ግን ረጋ ያለ ነው፣ በቀላሉ እሳት አይነሳበትም፣ ዕድሜውም ይረዝማል።

ሁለቱም ላይ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ተጽፎ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። አሲዱ 1,200 ዋት ሰዓት ነው። ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም። ስለዚህ የእናንተ 600 ነው። አንድ ላፕቶፕ፣ ራውተርና ጥቂት አምፖል ተደምረው 60 ዋት ቢበሉ በወረቀት 10 ሰዓት ይመጣል። ኢንቨርተሩ የራሱን ድርሻ ሲወስድ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሊቲየሙ 12.8 ቮልት ስለሆነ 1,280 ዋት ሰዓት ነው፤ ዘጠና በመቶውን መጠቀም ይቻላል። ለዚያው 60 ዋት ኢንቨርተሩ ከወሰደ በኋላ 16 ሰዓት ያህል። ጽሑፉ አንድ ነው፣ የምታገኙት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ክብደቱ ደግሞ አሲዱ 30 ኪሎ አካባቢ ሲሆን ሊቲየሙ ከግማሹ ያንሳል።

አሲዱ ሌላም ገመና አለው። 100 አምፒር ሰዓት የተባለው በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ሲበላ ነው፤ ማለትም 5 አምፒር እየተጎተተ። በሁለት ሰዓት ልጨርሰው ካላችሁ መቶውን አይሰጥም። የጄሪካኑ ነገር እዚህም አለ። ሊቲየሙ ላይ ይህ ችግር እምብዛም አይታይም።

ዙሩን ስናይ ልዩነቱ ይብሳል። ተራ የሶላር አሲድ ባትሪ በየቀኑ ግማሹ ቢበላ የሚሰጠው 500 ዙር ያህል ነው፤ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አይሞላም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት 2,000 ዙርን በቀላሉ ያልፋል፤ 3,000 ከደረሰ በቀን አንድ ዙር ሒሳብ ስምንት ዓመት ነው። በየቀኑ ለምትጠቀሙበት ቤት መግዣው ቢወደድም ሊቲየሙን ነው የምመክረው። መብራት በወር አንዴ ሁለቴ ብቻ የሚጠፋበት ቤት ከሆነ ግን አሲዱ አያሳፍርም። አብዛኛውን ጊዜ ሞልቶ መቀመጥ እሱ የሚወደው ኑሮ ነው።

ሞልቶ መቀመጥ ስል ልብ በሉ። ሊቲየም ግማሽ ሆኖ መቀመጥ ሲወድ አሲድ ግማሽ ሆኖ ሲቀመጥ ይሞታል። በእርሳሱ ላይ ሰልፌት የሚባል ጠጣር ቅርፊት ይጋገርበትና ቻርጅ መቀበል ያቆማል። ብዙ አሲድ ባትሪ የሚሞተው በዚህ ነው፤ ባለቤቱ ግን «ዕቃው ድሮም ጥሩ አልነበረም» ይላል። በቮልት መለኪያ ማየት ይቻላል። ሥራ ፈቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ወይም 12.7 ካለ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካለ ግማሽ አካባቢ ነው። ወዲያው ሙሉት። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ላይ ግን ይህን ብልሃት አትሞክሩ። ቮልቱ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ምንም አይነግራችሁም። ለሱ የተሠራ ቆጣሪ ያስፈልጋል።

የመኪና ባትሪ ለሶላር ይሆናል? አይሆንም። የመኪናው ሥራ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ መቶ አምፒር ተፍቶ ሞተር ማስነሳት ነው። ለዚያ ሲባል ውስጡ ስስና ብዙ ሰሌዳ ነው። በየቀኑ ጠልቆ ሲበላ ሰሌዳው ይረግፋል፤ ወራት ቢቆይ ነው። «ዲፕ ሳይክል» የሚባለው ሰሌዳው ወፍራም የሆነ ነው፤ እሱን ጠይቁ።

አያያዙን ባጭሩ። ክዳን ያለው አሲድ ባትሪ ውሃው ሲጎድል የተጣራ ውሃ ብቻ ነው የሚጨመርለት፤ አሲድ አይጨመርም፣ የቧንቧ ውሃም አይጨመርም። ቻርጅ ሲደረግ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ መኝታ ቤት አታድርጉት። ሙቀት ይጠላል፦ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል ይላሉ ባለሙያዎቹ። ሊቲየሙ ውስጡ የሚጠብቀው ሰርኪዩት አለው፤ ግን ለአሲድ የተስተካከለ አሮጌ ቻርጀር ላይ ከመስካታችሁ በፊት ማስተካከያው ላይ ሊቲየም የሚል ምርጫ እንዳለ እዩ።

ያለቀውን መለየትና መጣል

መሳቢያ ውስጥ የተደባለቁ አልካላይኖች ካሏችሁ አንድ ጨዋታ ላሳያችሁ። ድንጋዩን ጠፍጣፋውን ጫፍ ወደታች አድርጋችሁ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሁለት ጣት ያህል ከፍታ ላይ ልቀቁት። አዲሱ ጧ ብሎ ባለበት ይቆማል። የተበላው ነጥሮ ይወድቃል። ውስጡ ያለው የዚንክ ጭቃ እየተበላ ሲሄድ ወደ ደረቅ ዚንክ ኦክሳይድ ስለሚለወጥ ነው። ግን ገና ግማሽ ሳይበላ ጀምሮ ይነጥራል። አዲስ አለመሆኑን ይነግራችኋል፤ ማለቁን አይነግራችሁም። ኒኬልና ሊቲየም ላይ አይሠራም።

ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ መልሶ መክተት ደግሞ የታወቀ ዘዴ ነው። ለትንሽ ጊዜ ይሠራል፤ ሙቀት ውስጡ ያለውን ኬሚካል ስለሚያፋጥነው። አዲስ ኃይል አይጨምርም፣ ማፍሰሱን ግን ያቀርበዋል። ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጡም አያስፈልግም፤ ሲወጣ ጤዛ ይዞ ጫፉ ይዝጋል።

አዲስና አሮጌ አትቀላቅሉ። ከአራት ድንጋይ አንዱ ቀድሞ ሲያልቅ የቀሩት ሦስቱ በግድ ከረንት እየገፉ በተቃራኒው ይሞሉታል፤ ያኔ ያፈሳል። አራቱን አብራችሁ አስገቡ፣ አብራችሁ አውጡ። እኔ ያስገባሁበትን ወር በማርከር እጽፍበታለሁ።

ለመጣል የተቀመጡትን በተለይ ባለ 9 ቮልቷን ሳጥን ልብ በሉ። ሁለቱ ጫፎቿ ጎን ለጎን ናቸው። መሳቢያ ውስጥ ቁልፍ ወይም ሳንቲም ድንገት ካገናኛቸው ትግላለች፤ ከወረቀት ጋር ከሆነች እሳት ታስነሳለች። ጫፏ ላይ ፕላስተር ለጥፉባት። ሊቲየሞቹንም እንዲሁ። ከዚያ ባትሪ ለይቶ የሚሰበስብ ቦታ ካለ ወደዚያ፤ የእርሳስ አሲዱንማ አትጣሉት፤ እርሳሱ ቀልጦ እንደገና ባትሪ ስለሚሆን ያለቀውንም የሚገዛ አይጠፋም።